ለሚመለከታቸው ሴቶች

ፖሊስ ሆኖ የኖረ ሰው እጅን የሚያይበት ዓይን ከሌላው ሰው ይለያል። ሐኪም ምላስ ያያል፣ ጫማ ሰፊ እግር ያያል፣ እኛ እጅ እናያለን። ኪስ የገባ እጅ፣ ከጀርባ የተደበቀ እጅ፣ «ወደ ላይ!» ሲባል እየተንቀጠቀጠ የሚወጣ እጅ። እኔ ዳንግላ ላይ ፀጉሬ እስኪሸብት በሳጅንነት ሳገለግል ስንቱን እጅ እንዳስነሳሁ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው፤ ታዲያ አንድም ቀን ያነሳውን ሰው «ተስማምተሃል ማለት ነው» ብዬው አላውቅም። ስብሰባ ላይ ግን እንዲህ ነው የሚባለው። እጅህ ከወጣ ተስማምተሃል። ምን ፈርቶ እንደወጣ፣ ማንን ለማስደሰት እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። ይቆጠራል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ ይበላል።

እናንተም ታውቁታላችሁ። የቀበሌ ስብሰባ፣ የወላጅ ኮሚቴ፣ የጽዋ ማህበር ላይ ሳይቀር እጃችሁን አውጥታችሁ ስታበቁ «ቆይ፣ ምን ነበር ያፀደቅነው?» ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው በሹክሹክታ ጠይቃችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ የተለያችሁ ሰዎች ናችሁና ይህን ወግ ዝለሉት። ሌሎቻችሁ አብራችሁኝ ቆዩ። ጨዋታዬ መረር ቢላችሁም ታገሱኝ፤ ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኛ ጡረታ የወጣን ፖሊሶች አገር አቀፍ ማህበር አለን። በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቀድለትም፤ አፋችን የሚፈታው ጡረታ ስንወጣ ነው። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ማህበሩ የሞተውን አባል ይቀብራል፣ በሥራ ላይ የሞተ ፖሊስንም እንደ አባሉ ይቆጥራል፣ የማይድን በሽታ ላለበት አባልና ቤተሰብ መድኃኒት ሳያቋርጥ ያቀርባል፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። መንገዱ ሰላም በነበረበት፣ ሰው ከየአቅጣጫው ያለ ስጋት እንጅባራ ይገባ በነበረበት ጊዜ፣ ተራው ለእኛ አገር ደረሰና ከዳንግላ ቅርንጫፍ ሁለት ተወካዮች ተላክን። እኔና ኢንስፔክተር ሙላት።

ሙላትን «አያ ሙላት» ነበር የምለው። ጎጃም ውስጥ አያ የሚባለው የሚከበርም የሚወደድም ወንድም ነው። እሱ ደግሞ ሁለቱም ነበረ። አንድ የገበያ ቀን ጩቤ የመዘዘ ሰካራም ሲያስጥል መዳፉ ለሁለት ተከፍሎ፣ በነጠላዬ አስሬ በጋሪ ጤና ጣቢያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጠባሳው ዛሬም ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ይታያል።

ቅርንጫፋችን አደራ ሰጥቶናል። የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ እንደሚቀርብ ተሰምቷል፤ የሟች ባልደረቦቻችንን ሚስቶች የሚነካ ከሆነ እንቢ በሉ ተባልን። ሚኒባሱ ውስጥ ሙላት ይህን አደራ ሲያነሳ ድምፁ ሾፌሩን እስኪያስደነግጥ ከፍ አለ።

«እኔ ቁጭ ብዬ እያየሁ? መጀመሪያ እኔን ይቅበሩኝና ያፅድቁት!»

ኮራሁበት። አልዋሽም፣ በጣም ኮራሁበት።

ጉባኤው በንግግር ተጀመረ፣ በንግግር ቀጠለ። ለሻይ ስንወጣ በሩ ላይ ጭቅጭቅ ሰማሁ። ጥበቃው አንዲት ሴትዮ አላስገባም ብሏል፤ ባጅ የላቸውማ። ጠጋ ብዬ ሳይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው፣ የአስር አለቃ አየነው ሚስት። አየነው ከዓመታት በፊት ክረምት ላይ የከብት ሌባ ሲያሳድድ ወንዝ ሞልቶ የወሰደው ጓዳችን ነው። ከዚያ ወዲህ ግምጃ ቤት በምትባለው ትንሽ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስኳር አለባቸው። የሚወጉት መድኃኒት ሳይቋረጥ የሚመጣላቸው በማህበራችን በኩል ነው፤ እሳቸውም ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብረው ያኖሩታል።

«እትዬ ጥሩ፣ ምን አመጣዎት?»

«ቆሰበር ላይ ስለእኔ እየተመከረ ነው አሉኝ። ስለእኔ ሲመከር እኔ ቤቴ ምን እሠራለሁ?» እንጅባራን የአገሩ ሰው ቆሰበር ይላታል።

ለጥበቃው እንግዳዬ ናቸው አልኩትና እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። የኋላው ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ሙላት ዞር ብሎ አያቸውና ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። ያን ሰላምታ እንዳልረሳው ያደረገኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ሰብሳቢያችን ከዋናው ቢሮ የመጡ ጡረተኛ ኮማንደር ናቸው። ማሻሻያውን «የአባልነት ትርጉምን ማጣጣም» አሉት። እኔ አገሩን የሚያስፈራው የጠብመንጃ ድምፅ ብቻ እንዳይመስላችሁ እላለሁ፤ «ማጣጣም» የሚባለውም ቃል ያስፈራል። ሰው ሊጎዳ ሲል ማንም «ልጎዳህ ነው» አይለውም፤ ይጣጣማል እንጂ። ለማንኛውም ንባቡ እንዲህ ይላል፦ አባል ማለት የደንብ ልብስ ለብሶ ያገለገለና በሕይወት ያለ ሰው ነው። አለቀ። የሞተ ሰው አባል ካልሆነ፣ በሞተው ሰው ስም መድኃኒት የምትወስደው ሚስቱም ቀረች ማለት ነው። ማንም ሚስት የሚል ቃል አልጠራም። ደም ሳይፈስ ሥራው ተሠራ።

እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። «ይህ ማለት እኮ የአየነው ሚስት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መርፌ የላቸውም ማለት ነው» አልኩ። «እዚህ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን ራሳቸውን ጠይቋቸው።»

«ሳጅን፣ ግለሰብ አናንሳ። መርህ ላይ ነው ያለነው» አሉ ሰብሳቢው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፈቃድ አልጠበቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ባሌ የሞተ ቀን መቃብሩ ላይ ቆማችሁ ከጎንሽ ነን ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። እኔ አልጠየቅኋችሁም። አሁን ልትሄዱ ከሆነ ግን ፊት ለፊት ንገሩኝ። እሱን ብዬ ነው የመጣሁ።»

ወለሉን የሚያይ አየሁ፣ ስልኩን የሚነካካ አየሁ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እናታችንን እናመሰግናለን። ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው እንግዶች ሐሳብ በጆሮ ተይዟል» አሉ። በጆሮ! ከዚያ ሰዓት ገፋ ተባለና ማሻሻያውም የሥራ አስፈጻሚ እጩዎችም በአንድ ላይ ድምፅ እንዲሰጥባቸው ተወሰነ። እጩዎቹ ሲነበቡ የሙላት ስም ሦስተኛ ሆኖ ተጠራ።

ዞሬ አየሁት። እሱ ዞሮ አላየኝም።

«የምትደግፉ?»

የጎን በር ተከፍቶ የጥብስ ሽታ ገባ። እጅ እንደ ጫካ ተነሳ። ከዚያ ሁሉ እጅ መካከል አንዱን አወቅሁት። ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ጠባሳ አለበት።

በሕይወቴ ብዙ ተናድጃለሁ። ሰው የገደለ ሰው ሲስቅ አይቼ ተናድጃለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ተናድጄ አላውቅም። «የምትቃወሙ?» ሲባል እጄን ስሰቅል ትከሻዬ ሊነቀል ነበር። ከእኔ ሌላ የተቃወሙ ጥቂት ናቸው፤ አንደኛው ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዷቸው ገና መንቃታቸው ነበርና ምናልባት ለድጋፉ ዘግይተው ይሆናል።

አላበቃም። ሰብሳቢው የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ ቦታ ክፍት መሆኑ ትዝ አላቸው። ከወዲያ በኩል አንዱ «እሷ ሳጅን መናገር ትችላለች፣ እሷ ትሁን!» አለ። ተሳቀ። የምትደግፉ ተባለ፣ ጫካው ተነሳ። የምትቃወሙ ሳይባል በፊት እኔም በንዴት እጄን አነሳሁ፣ አልቀበልም ልል። ሰብሳቢው አዩኝና ፊታቸው በራ።

«ተመራጯም ራሷን ደግፋለች። በሙሉ ድምፅ!»

ተጨበጨበልኝ።

ግቢው ውስጥ ሙላትን ሳህን ይዞ አገኘሁት። «ኢንስፔክተር» አልኩት። አያ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እሱም ገባው።

«ዓለምነሽ፣ ስሚኝ። ውጭ ሆኖ ከመጮህ ውስጥ ገብቶ መታገል ይሻላል ብዬ ነው።»

«መግባትህንስ አየሁ። በገባህበት በር ማን እንደወጣ አላየህም?»

ሳህኑን አየ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ምሳውን አልቀመሱም። በባጃጅ መነኸሪያ ሳደርሳቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አልጽፈውም፣ ወጉን ልጆችም ያነቡት ይሆናል።

ጉባኤው ከመበተኑ በፊት ሰብሳቢው ጠርተውኝ ነበር። «የመጀመሪያ ሥራዎ ውሳኔውን ለሚመለከታቸው ሴቶች ማሳወቅ ነው። በጨዋነት» አሉኝ። ልብ አድርጉ። ቢላዋውን የሳሉት እነሱ፣ ለሴቶቹ ይዤ የምሄደው እኔ። ዳንግላ እስክደርስ ሹመቱን ልመልስ ወስኜ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ የሙላት ሚስት በላይነሽ ናት። በማግስቱ ገበያ ድንች ስትመርጥ አየችኝና እየሳቀች መጣች።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ሁለታችሁም ተመረጣችሁ አሉ። ሙላት ከመጣ ጀምሮ ምንም አላወራኝም፣ ደክሞታል መሰለኝ። ምን ምን ወሰናችሁ?»

ነገርኳት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ በጨዋነት። በላይነሽ ደም ግፊት አለባት፤ ክኒኗን የምታገኘው በሙላት አባልነት ነው። ድንቹን አስቀመጠችው።

«እና እሱ ቢሞትብኝ እኔም…?»

«አንቺም።»

«እጁን አነሳ?»

«አነሳ።»

ድንቹን ሳትገዛ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ ደግሞ እዚያው ገበያ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ለሚመለከታቸው ሴቶች አሳውቂ ነው ያሉኝ። ማንን ነው የማይመለከተው? ባል የሞተባትን ብቻ ነው ያለው ማነው? እዚያ አዳራሽ እጁን ያነሳ ወንድ ሁሉ የሚያነሳው በገዛ ሚስቱ ላይ መሆኑን አላሰበም፤ ሁሉም የሚሞተው ሌላው ይመስለዋል። ሹመቴን አልመለስኩም። ሥራዬን ጀመርኩ።

ከየቅርንጫፉ የማውቃቸውን ሴቶች እየጠየቅሁ ወደየሚስቶቹ ደወልኩ። ሰላምታ፣ የልጆች ደህንነት፣ ከዚያ ውሳኔው። አስተያየት አልሰጠሁም፤ የሴቶች ጉዳይ ተጠሪ ነኝ፣ ኃላፊነቴን እየተወጣሁ ነው። አንዳንዷ «ድገሚልኝ» ትላለች። አንዷ «ቆይ፣ አጠገቤ ተቀምጧል» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ጀመረችው። እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ የሰው ቤት ጠብ ማዳመጥ ጡረታ ስወጣ ትቻለሁ። በመጨረሻ የሰብሳቢው ባለቤት ዘንድ ደረስኩ። ጨዋ ሴት ናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ የኔ እህት፤ ማታ ይመጣል» ብቻ አሉ።

ሰብሳቢው ማታ መጥተው ምን እንደተባሉ አላውቅም። አስቸኳይ ጉባኤ መጠራቱን ግን አውቃለሁ። የወይዘሮ ጥሩወርቅ ማሰሮ ባዶ ሳይሆን፣ እንጅባራ፣ እዚያው አዳራሽ ተሰበሰብን። አንዳንዱ ተወካይ ሸሚዙ አልተተኮሰም፤ ምክንያቱን መገመት ለእናንተ።

እጁን መጀመሪያ ያወጣው ሙላት ነው። ተነስቶ ተናገረ። የጓዶቻችን ደም እንዳይረሳ፣ የሟች ሚስት እናታችንም እህታችንም እንደሆነች፣ ይህ ማሻሻያ የማህበሩን ክብር እንደሚነካ። አየነውን በስም ጠራው። ዓይኑን የጠረገ ነበረ። ሚኒባሱ ውስጥ የሰማሁት ሙላት ራሱ ነው፣ የዘገየ ብቻ። ሰብሳቢውም «ማህበራችን ለሴቶች ካለው የቆየ ክብር የተነሳ» ብለው ማሻሻያው እንዲሰረዝ ለድምፅ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። ለሙላት ቆመው አጨበጨቡለት። የእኔን ስም ማንም አላነሳም፤ ቃለ ጉባኤውም አላነሳኝም።

በነጋታው ግምጃ ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ተሰርዟል፣ መርፌዎ አይቋረጥም ስላቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ማን ተናገረልን ልጄ?»

ምላሴ ላይ ብዙ ነገር መጣ። የእኔ ስም መጣ፣ የበላይነሽ ስም መጣ፣ ያች ስልኩን ሳትዘጋ የጀመረችው ሴትዮ መጣች። የወይዘሮ ጥሩወርቅን ፊት አየሁ። ለዘመናት ባላቸውን ጓዶቹ አልከዱትም ብለው ማመን የሚፈልጉ ሴት ፊት ነው።

«ኢንስፔክተር ሙላት» አልኩ።

«እግዜር ይስጠው! ዕድሜ ይስጠው! ልጆቹን ይባርክለት! ድሮም ባየሁት ጊዜ ጨዋነቱ ያስታውቃል።»

መረቁት። ረዥም ምርቃት ነው፤ ከእነ ዘሩ፣ ከእነ ከብቱ። ጨርሰው አዩኝ፣ ይጠብቁኛል።

«አሜን» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።