የዛሊና ዕንባና የጋሽ አበጋዝ ሙክት

ቆቦ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የለም! ቴሌቪዥኑ ውስጥ ገብቶ የሚጣላ፣ የሚያስታርቅ፣ የሚመክርና የሚራገም እንጂ ዝም ብሎ ቁጭ ብሎ የሚያይ አንድም ሰው የለም። ካላመናችሁኝ አመሻሽ ላይ በሰፈራችን እለፉ። ከእትዬ የሺ ቤት «ኧረ በሩን ዝጊው፣ መጣችብሽ!» የሚል ጩኸት ብትሰሙ ሌባ የገባ እንዳይመስላችሁ። ድራማው ተጀምሮ ነው።

ትዕግሥት እባላለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለእረፍት ወደ ቆቦ ስመለስ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ኮርስ ሥነ ልቦና ነበር። ልብሱን እናቴ አጠበችው። ትምህርቱን ግን… ትምህርቱን ሰፈሩ ተረከበው!

እትዬ የሺ የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ዲሹ በደንብ የሚሠራው እሳቸው ቤት ስለሆነ የሰፈሩ ሴቶች ማታ ማታ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። የሚያዩትም ዛሊና የምትባል ሴት ያለችበትን፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ የባሕር ማዶ ድራማ ነው።

ዛሊናን ሳላስተዋውቃችሁ ባልፍ ትቀየመኛለች። በቤቷ ከወንበር ይልቅ መስታወት ይበዛል። ለባሏ ልደት ስጦታ ብላ ያመጣችለት የራሷን ፎቶ ነው፤ ያውም በበሩ የማይገባ! በእህቷ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሙሽራዋን ሲያይ ጊዜ ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ስትወድቅም ፀጉሯ እንዳይበላሽ በእጇ ደግፋ ነው። ለቅሶ ቤት ገብታ መጀመሪያ የጠየቀችው ምን መሰላችሁ? «ጥቁር ያምርብኛል?»

በደረስኩ ማታ ጎረቤታችን ዘሀራ ወደ እኔ ዞረች።

«አንች ትዕግሥት፣ እስቲ የተማርሽውን አካፍይን። ይች ሴት ምኗን ነው የሚያማት?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አልፎ ነበር! ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እንዲህ ዓይነቷ ናርሲሲስት ትባላለች» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን መምህራችንን መስዬ። «ስናያት ራሷን ከመጠን በላይ የምትወድ ትመስለናለች። ግን የውስጧ ጎተራ ባዶ ነው። ስለዚህ ሰው ጠዋት ማታ አድናቆት እንዲሞላላት ትፈልጋለች። ጎተራው ደግሞ ከሥሩ ቀዳዳ ነው፤ የገባው ሁሉ ይፈስሳል። ለእሷ ሌላው ሰው፣ ሰው አይደለም። መስታወት ነው።»

ከዚያ ዘሀራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሱብሃነላህ! አማቴን የት አገኘሻት?»

ከዚያች ማታ ጀምሮ ስሜ «ዶክተሯ» ሆነ። «ኧረ ገና አንድ ኮርስ ነው የወሰድኩት» ብያለሁ፤ እውነቴን ነው ብያለሁ። ቀስ ብዬ ስለተናገርኩት ማንም ሳይሰማኝ ቀረ እንጂ!

ነገሩ የከረረው ዛሊና ዓይነ ሥውር አማቷን በዝናብ ያስወጣች ዕለት ነው። ጥፋታቸው በምርኩዛቸው ወለሏን መጫራቸው ነበር። እትዬ የሺ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉና እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉ።

«አንተ ቅዱስ ሚካኤል! ይችን ሴት አማቷ እግር ላይ ወድቃ ስታለቅስ ካሳየኸኝ፣ ለሰኔ በዓልህ ሻምበልን ይዤልህ እመጣለሁ!»

ሴቶቹ ሁሉ ደነገጡ። ሻምበል ማን መሰላችሁ? የመቶ አለቃ አለቃ እንዳይመስላችሁ። የባለቤታቸው የጋሽ አበጋዝ ሙክት በግ ነው!

ሻምበል ለእንቁጣጣሽ የሚቀለብ በግ ነው። ማሽላው በሳፋ፣ አተላው በባልዲ ይቀርብለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙና ይታጠባል። ላቱ ከመወፈሩ የተነሣ ከሩቅ ለሚያየው ሌላ በግ ከኋላ የሚከተለው ይመስላል። ጋሽ አበጋዝ ሲያልፉ ሲያገድሙ ጀርባውን ዳበስ ሳያደርጉ አይሄዱም። በእሳቸው በግ መሳል ማለት እንግዲህ… እናንተው ገምቱት!

ወሬው ከድራማው ቀድሞ ግቢው ውስጥ ደረሳቸው። የማሽላውን ሳፋ እንደያዙ ገቡ።

«ምን አልሽ አሉ?»

«ተሳልኩ።»

«በማን በግ?»

«በቤታችን በግ።»

«የቤታችን የሚሆነው ሲበላ ነው! ሲቀለብማ የኔ ብቻ ነበር!»

«ምነው ተንቀጠቀጥክ? እሷ እንደሁ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት አይደለች።»

ይህች አነጋገር ለጋሽ አበጋዝ ተስፋ ሰጠቻቸው። በነጋታው በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«ትዕግሥት ልጄ፣ በትምህርቱ በኩል እስቲ ንገሪኝ። ያች ሴትዮ… ትድናለች?»

«ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይለወጥም። ጥፋቱ አይታየውማ!»

«ተባረኪ! መማር ማለት ይኸ ነው!» ብለው ከጓሯቸው ፓፓያ ቆርጠው አስታቀፉኝ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ እትዬ የሺ መጡ። «ልጄ፣ ሰው ሆኖ የማይመለስ አለ?»

«ኧረ የለም እትዬ! ሰው ምን ጊዜም ተስፋ አለው።»

«እሰይ፣ እደጊልኝ!» ሌላ ፓፓያ።

ሁለቱም ያልኩት መጽሐፉ ላይ አለ። ምን ላድርግ፣ ጠያቂው የፈለገውን ገጽ እያወጣሁ ነበር የማነብለት! ያን ሰሞን ቤታችን ፓፓያ በፓፓያ ሆነ።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ማታ ሁላችንም ሳሎኑ ውስጥ ነበርን። ጋሽ አበጋዝ ተስፋቸውን በመብራት መጥፋት ላይ ጥለው ነበር፤ ያን ዕለት ግን መብራቱ እንደማይሄድ እንግዳ ተመቻችቶ ተቀመጠ። እሳቸውም የሻምበልን ገመድ እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ድራማውም ተጀመረ። ባሏ ጥሏት ሊሄድ ሻንጣውን ያዘ። ዛሊና ተከተለችው። አማቷ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። እሷም በድንገት ዞረችና… እግራቸው ላይ ወደቀች! ዕንባዋ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ወረደ።

ዕልልታው ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። እትዬ የሺ ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ።

«ስለቴ ሰመረ!»

«ቆይ!» አሉ ጋሽ አበጋዝ ከበሩ ላይ። «ዶክተሯ ሳትናገር ምንም አልሰመረም!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሻምበልም ጭምር!

«ዕንባዋ… ወርዷል» አልኩ። «ግን እያለቀሰች ቀና ብላ በበረንዳው መስታወት ራሷን አይታለች። ፀጉሯንም አስተካክላለች። የተጸጸተ ሰው የበደለውን ሰው ነው የሚያየው። እሷ የምታየው ግን ስታለቅስ እንዴት እንደምታምር ነው። ባሏ እንዳይሄድባት እንጂ አማቷስ ትዝም አላሏት፤ ስለዚህ…»

«ስለዚህ አላለቀሰችም!» ጋሽ አበጋዝ ገመዱን ጠቅልለው ለመሄድ ዞሩ።

የእትዬ የሺን ፊት ባየሁት ጊዜ ግን ሆዴ ባባ። ቀልድ አልነበረም። ነጠላቸውን እያፍተለተሉ፣ «እንግዲህ ስለት አስቀርቼ ነገ በምን ዓይኔ ደጁን እረግጣለሁ?» አሉ። እኔም እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ቸኮልኩ።

«ማለቴ… ግማሽ በግማሽ ተጸጽታለች።»

«ወላሂ ጉድ ነው!» አለች ዘሀራ። «ግማሽ በግ ይሰጥ ነው የምትይን?»

«የትኛው ግማሽ?» አሉ ጋሽ አበጋዝ። እጃቸው ሳይታወቃቸው ላቱን ጨብጧል።

ነገሩን የቆረጡት እትዬ የሺ ራሳቸው ናቸው። «እኔ ‹ስታለቅስ ካሳየኸኝ› አልኩ እንጂ ከልቧ አላልኩም። እሱም አሳየኝ። የሷን ልብ እሱ ይወቀው፤ የኔን ቃል ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው!»

ጋሽ አበጋዝ አንገታቸውን ደፉ። ብዙ ግን አልቆዩም፤ ወደ ቤቴ ስወጣ በአጥሩ ጥግ ጠብቀው አንሾካሾኩልኝ።

«ስለት እኮ በበዓሉ ዕለት ለጨረታ ይወጣል። እኔው በርካሽ እገዛዋለሁ! ቃሉ ለሷ፣ ብሩ ለቤተ ክርስቲያን፣ ሻምበል ለኔ። ማን ተጎዳ?»

እውነትም ማንም አልተጎዳም። እንዲያውም ተጠበቡበት! በነጋታው ሻምበልን ሳያጥቡ፣ ጭራሽ መንገድ ላይ አንከባልለው፣ አመድና አዋራ ቀብተው ይዘውት መጡ። የሚያየው ሰው «ይህ በግ ምን ደረሰበት?» እንዲል፣ ተጫራችም እንዳይመጣ ነው። እትዬ የሺ ሲያዩት ሊጮኹ ነበር፤ እኔ ነኝ ያረጋጋኋቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከዋጃም ከሮቢትም በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ጃንጥላው ተሸጠ፣ ጧፉ ተሸጠ፣ መጋረጃው ተሸጠ። ከዚያ ሻምበል ተጎትቶ ወጣ። ሕዝቡ አይቶት ፊቱን አዞረ። ጋሽ አበጋዝ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በቀጭን ድምፅ ትንሽ ዋጋ ጠሩ።

«ሌላ የሚጨምር?» አለ በድምፅ ማጉያው ዲያቆኑ። ማንም የለም! «አንደኛ…»

ጋሽ አበጋዝ ጠቀሱኝ።

«ሁለተኛ…»

ይኼኔ ባርኔጣ ያደረገ አንድ የሮቢት ነጋዴ ከፊታችን ቆሞ ለጓደኛው ሲናገር ሰማን። «ይችን ደግሞ ማን ይገዛል? እንዴት ያለ ሰነፍ ነው የቀለባት!»

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ትንፋሽዎን ይያዙ። እኔም ይዤ ነበር። የጋሽ አበጋዝ የአንገት ሥር ተገተረ። እጅጌያቸውን ጎተትኩ።

«ጋሼ፣ ይለፉት! አንድ ቃል ነው የቀረው!»

«‹ይች›?» አሉ። «‹ሰነፍ›?!»

«ጋሼ!»

ማን ሊሰማኝ! ሕዝቡን ጥሰው ገቡና የሻምበልን ጀርባ በመዳፋቸው ይወቅጡት ጀመር። አዋራው እንደ ጭስ ቦነነ። ከሥሩ ነጭ ጸጉር ብልጭ አለ። ላቱን በሁለት እጃቸው አነሡት።

«ይኸ ላት ነው ትራስ? ና ተደገፍበት! ጥርሱን እይ! ደረቱን እይ! እኔ አበጋዝ በሳፋ ማሽላ ያበላሁት ነው! በዚህ አገር እንደኔ በግ የሚቀልብ ካለ ይምጣ!»

ሕዝቡ ተመልሶ ከበባቸው። ሴቶች ዕልል አሉ። ስልኮች ወደ ላይ ተነሡ። ነጋዴው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና፣ «እንዲያማ ከሆነ…» ብሎ ዋጋ ጨመረ።

ጋሽ አበጋዝ ጨመሩ። ነጋዴው ጨመረ። ጋሽ አበጋዝ ጨመሩ። ነጋዴው ጥቂት አመነታ። እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ኖሮ አብቅቶ ነበር! እሳቸው ግን ሕዝቡ ዕልልታውን ቀነስ ሲያደርግባቸው ጊዜ፣ «ገና ሲራመድ አላያችሁትም!» ብለው ሻምበልን ያዞሩት ጀመር። በአንድ አፋቸው ሻጭም ገዢም ሆኑ። ዋጋው እንደ ዛሊና አፍንጫ ወደ ሰማይ ወጣ።

«ኧረ በሚካኤል፣ የዚህን ሰውዬ አፍ ያዙልኝ!» እትዬ የሺ ራሳቸውን ይዘው ይዞራሉ።

በመጨረሻ ነጋዴው ሳቁ አሸነፈው። «ይውሰዱት አባቴ! በጉንስ እችለው ነበር፤ እርስዎን ግን የሚችል ገበያ የለም።»

ዋጋውን አልነግራችሁም። በዚያ ዋጋ ግን ሁለት ሻምበልና አንድ ሻለቃ ይገዛ ነበር። ቄሱ መረቁ፣ ግቢው በዕልልታ ተናወጠ፣ እትዬ የሺ ቃላቸውን አድርሰዋልና ፊታቸው በራ። ጋሽ አበጋዝም መሐል ላይ ቆመው ለማያውቁት ሰው ሁሉ እጅ ይነሡ ነበር።

«ትዕግሥት፣ በስልክሽ አንሽን እስቲ!»

ሻምበልን ከፊት፣ እሳቸውን ከኋላ አቁሜ፣ ብርሃኑን ተጠንቅቄ ደህና ፎቶ አነሣሁ። ስልኩን ተቀብለው አዩት። ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ፣ እንደገና አንሽው ልጄ። ሻምበልን ወደ ኋላ ሳብ አድርጊልኝ… ጋረደኝ እኮ!»