ቁልፍ ብቻ የቀረው ልብ ወለድ

(ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ አቀርቅሯል። የእህቱ ባል፣ ደራሲው፣ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ከፊቱ ተገትሯል።)

ደራሲው፦ ሦስት ዓመት! አንድ ሱፍ ሦስት ዓመት!

ልብስ ሰፊው፦ ነገ ይደርሳል፣ ጋሼ።

ደራሲው፦ ምኑ ነው የቀረው?

ልብስ ሰፊው፦ ቁልፍ ብቻ።

ደራሲው፦ አምናም ቁልፍ ብቻ ነበር! የመጽሐፌ ምረቃ ቅዳሜ ሳምንት ነው። የጥሪ ካርዱ ተበትኗል። ምን ለብሼ መድረክ ልውጣ?

ልብስ ሰፊው፦ እሰይ! መጽሐፉ አለቀ በለኛ!

ደራሲው፦ አልቋል። መጻፍ ብቻ ነው የቀረው።

ልብስ ሰፊው፦ (መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ) አልገባኝም።

ደራሲው፦ አይገባህማ! ያንተ ሥራ የእጅ ነው፣ የኔ የጭንቅላት። ርዕሱ አለ። መታሰቢያነቱ ለማን እንደሆነ ተጽፏል። ምስጋናው ብቻ ስምንት ገጽ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ታሪኩስ?

ደራሲው፦ እሱ ዛሬ ይጻፋል። አሳታሚው «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካላስረከብክ የማተሚያ ቤት ተራህን ለሌላ እሰጣለሁ፣ ውላችንም ፈረሰ» ብሎኛል።

ልብስ ሰፊው፦ ስንት ገጽ?

ደራሲው፦ ሁለት መቶ።

ልብስ ሰፊው፦ በሦስት ሰዓት? እና እዚህ ቆመህ ከኔ ጋር ትጨቃጨቃለህ?

ደራሲው፦ ዘዴ አለኝ ባክህ! (የካውያውን ጠረጴዛ ጠርጎ ላፕቶፑን ይከፍታል) ጀግናው የሚኖረው ገደል ሥር ነው። እሱ የተናገረውን ሁሉ ገደሉ ይመልስለታል። አንድ ገጽ ጻፍኩ ማለት ሁለት ጻፍኩ ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ገደል የሚመልሰው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ አይደለም እንዴ?

ደራሲው፦ የኔ ገደል የተማረ ነው። አያቱ ደግሞ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ ሁሉም ነገር ሦስት ሦስት ጊዜ ይነገራቸዋል።

ልብስ ሰፊው፦ ገደሉም ሦስት ጊዜ ይመልሳል?

ደራሲው፦ (በደስታ) ስድስት ሆነልኝ! አየህ፣ ከኔ ጋር ስትውል ማሰብ ትጀምራለህ።

ልብስ ሰፊው፦ ፍቅረኛ የለውም?

ደራሲው፦ አለችው። ምዕራፍ አንድ ላይ ትሞታለች።

ልብስ ሰፊው፦ ምነው? ምን አደረገች?

ደራሲው፦ በሕይወት ያለ ሰው ብዙ ይጻፍለታል። ጊዜ የለኝም!

ልብስ ሰፊው፦ እኛ ቤት እንኳ ጨርቁ ሳይኖር ኪስ አይሰፋም።

ደራሲው፦ ዝም በል፣ ምቀኛ! ሐሳቤን አባረርከው።

(ስልክ ይጮኻል። ደራሲው ስክሪኑን አይቶ ይደነግጣል።)

ደራሲው፦ አሳታሚው ነው! ምን ልበለው?

ልብስ ሰፊው፦ እውነቱን።

ደራሲው፦ አብደሃል? (አንስቶ) አቤት ጌታዬ!... ኧረ አልቋል!... ምን ቀረው?... ቁልፍ ብቻ!... ነገ... ሄሎ? ሄሎ?

(ስልኩን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል። በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል።)

ልብስ ሰፊው፦ ምን አለ?

ደራሲው፦ «ልብስ ሰፊ መሰልከኝ» ብሎ ዘጋው። ተራዬ ሄደ። እህትህን ምን እላታለሁ? ሦስት ዓመት በየሰዉ ቤት «ባሌን አትረብሹት፣ እየጻፈ ነው» ስትል ነው የኖረችው። አሁን እኔስ ባፍር በራሴ ነው፤ እሷ ግን ምን አጠፋች? (ብድግ ብሎ) ሁሉም ባንተ ጦስ ነው! ሱፉን ብታደርስልኝ ኖሮ ልብ ገዝቼ እጽፍ ነበር!

(ልብስ ሰፊው ቁም ሳጥኑን ከፍቶ በላስቲክ የተሸፈነ ሱፍ አውጥቶ ይሰቅላል። የላስቲኩ ትከሻ አቧራ ለብሷል።)

ደራሲው፦ የኔ ነው? መቼ አለቀ?

ልብስ ሰፊው፦ ባዘዝክ በሳምንቱ።

ደራሲው፦ እና ሦስት ዓመት ሙሉ «ነገ» ስትለኝ...

ልብስ ሰፊው፦ «መጽሐፉስ?» ስልህ «ነገ» ትለኝ ነበራ። ሱፉ ቀድሞ ቢደርስ የምትሰድበው ሰው ልታጣ ነው። እኔን ሰድበህ ስትሄድ ቀለል ይልሃል፤ እህቴም ቤት ሰላም ታድራለች። ስለዚህ ተሰደብኩልህ።

(ደራሲው ሱፉን ከላስቲኩ ያወጣል። ኮቱን ይለብሳል። ግራና ቀኙ አልገናኝ ይለዋል።)

ደራሲው፦ ይኸው! ቁልፉ አይደርስም!

ልብስ ሰፊው፦ ቁልፉ ቦታው ላይ ነው። ሆድህ ነው የራቀው። በሦስት ዓመት ውስጥ የጨመርከው እሱን ብቻ ነው።

ደራሲው፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ይሰፋልኛል?

ልብስ ሰፊው፦ ይሰፋል።

ደራሲው፦ መቼ ይደርስልኛል?

ልብስ ሰፊው፦ (ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል እያደረገ) አንድ ምዕራፍ ጽፈህ ባመጣህ በማግስቱ። ገደሉ የመለሰውን ሳንቆጥር።