መሪጌታን ከሰገነት ማን ያውርድ?

ብምል ብገዘት አታምኑኝም፤ ግን ቡሬ ላይ በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው። ሰው ሲያከብሩት ሽቅብ ሽቅብ ይላል፤ ውሃ ደግሞ ቁልቁል ካልለቀቁት ጉልበት የለውም። ሁለቱን አንድ ቦታ ያገናኘ ጉዱን ያያል!

በጣሊያን ጊዜ አንድ ካፒቴን ፎቅ ቤት ሠራ። ከፍታውን ምን ልበላችሁ፣ ጭልፊት እንኳ እኩሌታው ላይ አርፎ ነበር የሚያልፍ! ጣራው ላይ ትልቅ በርሜል ሰቀለ፤ ከበርሜሉ ረጅም የጎማ ቱቦ ቀጠለ። እሳት ቢነሳ ማጥፊያ ነው ተባልን። በርሜሉን በባልዲ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ መሰላል ስወጣ ስወርድ ቁመቴ በስንዝር አጥሯል።

የሙከራው ቀን ሽማግሌ ሁሉ ተጠራ። ካፒቴኑ ግቢው ውስጥ ጭድ አስለኮሰ። የቱቦውን አፍ ማን ይያዝ? ይሄም ይጠየቃል? በዕድሜ መሪጌታ ጥሩነህን የሚቀድም የለም፤ የክብር ቦታም ከላይ ነው። ሰገነቱ ላይ፣ ከካፒቴኑ ጎን ልናወጣቸው ሆነ። ደረጃው ሥር ሽማግሌዎቹ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ» ሲባባሉ ነፋስ ተነሳ፤ ነበልባሉ አጥር ዘሎ የእማማ አትጠገብን የጤፍ ክምር ጫፍ ያዘ። ባል የሞተባቸው ሴት፣ የዓመት ጉርሻቸው ያችው ክምር ብቻ!

መሪጌታ እንደ ምንም ወጥተው ቱቦውን ዘረጉ። ጠብ... ጠብ... የእኔ ላብ ይሻላል! በርሜል ሞይ ነኝና ምስጢሩ ገብቶኛል፤ በርሜሉ ከራሳቸው በላይ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፣ ውሃው በምን አቅሙ ይገፋ? ፏፏቴ የሚያገሳው ገደል ሲያገኝ አይደል? ታች ቢያዝ ይፈነጥቃል። ግን መሪጌታን ከክብር ቦታ «ይውረዱ» የሚል አንደበት ከየት ይምጣ? ክምሩ ይጨሳል።

እማማ አትጠገብ ግን፣ «መሪጌታ፣ ክብርዎን እዚያው ይተዉትና እርስዎ ይውረዱልኝ!» ብለው አምባረቁ።

አዛውንቱ ቱቦውን ታቅፈው እንደ ጦጣ ዱብ ዱብ እያሉ ወረዱ። እግራቸው መሬት ሲነካ ውሃው አገሳ! እሳቱን አጥፍቶ፣ ሽማግሌዎቹን አጥቦ፣ የእኔን የሦስት ዓመት እድፍ አስለቀቀ። ክምሩ ጫፉ ጠቆረ እንጂ ተረፈ። እልልታው ሽንዲ ድረስ ተሰማ።

ካፒቴኑ ከሰገነቱ ላይ ደረቱን ነፍቶ፣ የመንግሥታችንን ጥበብ አያችሁ ወይ ቢል፣ መሪጌታ ጥምጥማቸው ውሃ እያንጠባጠበ ሽቅብ አንጋጠጡና አመለጣቸው፦

«ጌታው፣ እኔ አንድ ደርብ ብወርድ ክምር ተረፈ፤ እርስዎ እስከ ምጥዋ ቢወርዱ አገር ይተርፋል!»