ፎጣው ስንት ይላል?

(የሕፃናት ማስተኛ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ። የሦስት ዓመቷ ልጅ ዓይኗ ደም መስሎ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ተኝታለች። አያቷ እታለም ያበጠውን የልጅቷን እግር ታሻሻለች። ሁሉን ዐውቃለሁ ባይ ነውና ቤተሰቡ «ሊቁ» የሚለው የእታለም ታናሽ ወንድም፣ ከባልዲ ፎጣ ነክሮ ያነሳል።)

እታለም፦ ጭመቀው እንጂ! አልጋውን ኩሬ አደረግኸው።

ሊቁ፦ ፎጣ ሲጨመቅ ቅዝቃዜው አብሮ ይወጣል። ሳይንስ ነው።

እታለም፦ ፎጣው ብብቷ ውስጥስ ምን ይሠራል?

ሊቁ፦ ነርሷ ሙቀቷን የምትለካው የት ሆነና? ስትመጣ ቀዝቅዞ ይጠብቃታል። ትኩሳት የለም ይባላል፣ ነገ ቤታችን!

እታለም፦ የታመመው መለኪያው ነው እንዴ?

ሊቁ፦ ኤጭ! አንቺ እኮ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር አይገባሽም።

እታለም፦ እውነትህን ነው፣ አይገባኝም። ሐኪሟ የደም ሥሮቿ ተቆጥተዋል አለች። ማን አስቆጣቸው?

ሊቁ፦ ማንም! ሕመም ነው። ትናንት የተሰጣት መድኃኒት ያበርደዋል።

እታለም፦ ካላበረደውስ? ትኩሳቱ ካለቀቃት ሌላ እንጨምራለን፣ አለዚያ ልቧን ይጎዳታል አላለችም?

ሊቁ፦ እኔስ ለዚህ አይደል የማቀዘቅዛት! ሌላ መርፌ እንዳይጨምሩባት። (ድምፁ ሰለል ይላል) ትናንት ስትወጋ እኔን እያየች ነው ያለቀሰችው።

(እታለም እግሯን ማሻሸቷን ትቀጥላለች። መርፌውን እሷም አልወደደችውም። ነርሷ ስትገባ ሊቁ ፎጣውን ብርድ ልብሱ ሥር ይሸጉጣል።)

ነርሷ፦ (ለክታ) ሠላሳ ሰባት። ጎሽ የኔ ቆንጆ! መድኃኒቱ ሠርቷል።

ሊቁ፦ አላልኩም?

እታለም፦ ልጄ፣ አላዋቂ ነኝና አትታዘቢኝ። ፎጣውስ ስንት ይላል?

ነርሷ፦ የቱ ፎጣ፣ እማማ?

(ሊቁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነርሷ ብርድ ልብሱን ገልጣ ፎጣውን ታወጣለች። ልጅቷን አድርቃ፣ ጥቂት ቆይታ እንደገና ትለካለች።)

ነርሷ፦ ሠላሳ ዘጠኝ! አባባ፣ ጉድ ሊሠሩን ነበር እኮ! ሐኪሟን ልጥራ፤ ሁለተኛው መድኃኒት አሁኑኑ ያስፈልጋታል። (እየሮጠች ትወጣለች)

ሊቁ፦ አዋረድሽኝ፣ እታለም።

እታለም፦ አንተ ተዋረድ፣ ልቧ ይትረፍ።

(ከሁለት ቀን በኋላ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የአያቷን ነጠላ እየጎተተች ትስቃለች። ነርሷ «ሠላሳ ሰባት፣ አሁን ለቋታል» ብላ ወጥታለች። ሊቁ አላመነም፤ ግንባሯን፣ ብብቷን፣ ትራሷን ሳይቀር ይዳብሳል።)

ሊቁ፦ ደረቅ ነው! የምር ለቋታል! (በረጅሙ ተንፍሶ፣ ኮሌታውን ያስተካክላል) እኔ እኮ ትኩሳቱ ይወርዳል ብዬ ነግሬሽ ነበር።

እታለም፦ ለእኔማ ነግረኸኝ ነበር። ለትኩሳቱ መንገር ረስተህ ነው እንጂ።