ዲግሪ ያዙና ራጅ አታንሱ

እናንተ፣ በኦንላይን የሚማር ሰው ራጅ አንስቷችሁ ያውቃል? እኔን አንስቶኛል። ኦሞድ ይባላል፤ እዚሁ ጋምቤላ በዲፕሎማው ራጅ እያነሳ ዲግሪውን በስልኩ ይማር የነበረ ወዳጄ ነው።

ያን ቀን ሳል ይዞኝ እሱ ወደሚሠራበት የራጅ ክፍል ሄድኩ። ደረቴን ከማሽኑ አስጠግቶ «ትንፋሽህን ያዝ!» አለኝ። ያዝኩ። ይሄኔ ስልኩ ጮኸ፤ ኔትወርክ መጣ! እኛ ዘንድ ኔትወርክ ማለት ከማዕከል እንደሚመጣ ባለሥልጣን ነው፤ ብቅ ብሎ ይሄዳል። ኦሞድ ፈተናው እንዳያመልጠው ኔትወርክ ወደሚይዝበት ማንጎ ሥር ሮጠ። እኔ ታዛዥ በሽተኛ ነኝ፤ ዓይኔ እስኪፈጥ ትንፋሼን አልለቀቅኩም። ለትምህርት የማይከፈል መሥዋዕትነት አለ እንዴ?

እነሆ ተመረቀ። በቤተ ክርስቲያን ተጸለየለት፤ እድገት አገኘና ቢሮ ገባ። ሰሞኑን ሳሉ ሲያገረሽብኝ ብሄድ የራጅ ክፍሉ ተቆልፏል። ቢሮው ገባሁ።

«ኦሞድ፣ ማን ያንሳኝ?»

«ባለሙያ እስኪቀጠር ታገሥ እንጂ፣ ወንድሜ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ዲግሪ ያዝኩ እኮ!»

እውነቱን ነው። ይኸው፣ ትንፋሼን ይዤ እየጠበቅሁ ነው።