ድንጋይ በጀርባ ወደ ገሳይ መንገድ

በደብረ ታቦር ሰው እግሩን የሚያነሳው ለጉዳይ ነው። ገበያ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጠፍቶ የሚፈለግ በሬ አለ። ማልዶ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ካገኛችሁ «ወዴት ነው?» ትሉታላችሁ፤ ይነግራችኋል። ባይነግራችሁም ከአካሄዱና ከያዘው ዕቃ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። «እንዲሁ ልራመድ ብዬ ነው» የሚል ሰው ግን ወይ ይዋሻል፣ ወይ ጸበል የሚወሰድበት ቀን ቀርቧል። እኔ እንዲሁ የሚራመድ ሰው ሆንኩ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ የእኔ ጉድ በእርግጥም በጀርባዬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በትምህርት ቤታችን ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ፒተር የሚባል ፈረንጅ ነበር። አብረን የጉናን ተራራ ወጥተናል፤ እሱ ሲያለከልክ እኔ ስዘፍን ስለነበር ብርቱ ተጓዥ መስዬ ታየሁት። አገሩ ከገባ በኋላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ኔፓል ሄደን፣ ሻንጣ በጀርባችን አዝለን፣ ስድስት ሳምንት ከመንደር መንደር በእግራችን እንጓዝ አለኝ፤ የአውሮፕላኑን እኔ እችላለሁ ብሎ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የሂማልያን ተራሮች በጠመኔ ስስል ሃያ ዓመት የኖርኩ ሰው እንቢ የምል ይመስላችኋል?

ፒተር የላከው ሻንጣ ከጉዞው ቀድሞ መጣ። ደረት ላይ አንድ፣ ወገብ ላይ አንድ ጥቁር መቆለፊያ ያለው፣ ሰው ሲያዝለው ሰውዬው ይሁን ሻንጣው የታሰረው የማይለይበት ዓይነት ነው። ውስጡ ወረቀት አለ። «አካልን ማዘጋጀት» በሚለው ሥር በየሳምንቱ ሸክም እየጨመርክ ዳገት ውጣ ይላል። «አእምሮን ማዘጋጀት» በሚለው ሥር ደግሞ የምትፈራውን ነገር ሁሉ ጻፍ ይላል። ጻፍኩ። በረዶ፣ አውሮፕላን፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሩዝ። ሌላ የምፈራው ነገር እንዳለ አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩትም።

ለሸክሙ መጀመሪያ ያሰብኩት ስንዴ ነበር። ስድስት ኪሎ ከጎተራ ቀድቼ ስሞላ ባለቤቴ የሻረግ ደረሰችና ሻንጣውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ምን ልታረገው ነው?»

«ጀርባዬን ላለማምድበት። ይዤው ሄጄ ይዤው እመለሳለሁ።»

«እህል ጨዋታ ነው? እህል ይታዘባል። ከፈለግህ ድንጋይ ተሸከም።»

እውነቷን ነው፤ ነውር ነው። ድንጋይ ለቅሜ፣ ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አስመዝኜ ሞላሁ። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሲያየኝ ዝም ማለቱን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

የቀረው መንገድ መምረጥ ነው። ወደ ሐሙሲት የሚወስደው ቁልቁል ይበዛዋል፤ ኔፓል ደግሞ በቁልቁለት አይገባም። ዳገት ከፈለጋችሁ ያለው የገሳይ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ግን ያልጻፍኩት ፍርሃቴ ተቀምጧል። ታላቅ ወንድሜ ጥጋቡ ቤቱ እዚያ ነው፤ ከደብረ ታቦር የሦስት ሰዓት መንገድ ተኪዶ አንዲት ድልድይ አለች፣ ከድልድይዋ ማዶ ያለው ቆርቆሮ ቤት የእሱ ነው።

ከጥጋቡ ጋር ከተነጋገርን ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዛሬ አልደብቃችሁም። አባታችን ባረፉ በዓመቱ ጥጋቡ ለተዝካሩ ሁለት ሰንጋ ሊጥል ተነሳ። እኔ የተማርኩ ነኛ! ዘመድ በተሰበሰበበት ቆሜ «ይህ ለሆዳም ነው እንጂ ለአባቴ አይደለም» ብዬ ተናገርኩ፤ በድግሱም ቀን ቀረሁ። በአባቱ ተዝካር የቀረ ልጅ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ጥጋቡ «ወንድም አልነበረኝም» አለ። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ ስል አንድ ክረምት ቆየሁ፣ ክረምቱ ሌላ ክረምት ወለደ፣ ነገሩ እየቆየ በሄደ ቁጥር እግሬ እየከበደኝ ሄደ።

እናም መላ መታሁ። እስከ ድልድይዋ እሄዳለሁ፤ ከድልድይዋ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ መንገድ ላይ አንዱ ድንጋይ ጀርባዬን ሲወጋኝ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ባሉበት ድንጋዮቹን አውጥቼ እንደገና ደረደርኳቸው። ወዴት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንዲት እናት «አይዞህ ልጄ፣ እሱ ይርዳህ» አሉኝ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አነሱልኝ። በሦስተኛው አንድ ባላገር አህዮቹን ከመንገድ አስወጥቶ አሳለፈኝና አንገቱን ደፋ። እኔ ሞኙ ሕዝባችን ስፖርት ገባው ብዬ ደስ አለኝ። እናንተ ግን ይኼኔ ገብቷችሁ እየሳቃችሁብኝ ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ሸክሜ አሥራ ሁለት ኪሎ ደርሶ ነበር። ድልድይዋ ጋ ስደርስ ሦስት ሰዎች ግንቡ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ፤ መስቀል የያዙ የደብሩ ቄስና ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች። ሲያዩኝ ተነሱ። አንደኛው ሽማግሌ፣ አያ ዋሴ፣ ክንዴን ያዙኝ።

«ሦስት ጊዜ መጥተህ ሦስት ጊዜ ከዚች ድልድይ ተመለስህ። አየንህ። ወንድም ፊት መቅረብ ከባድ ነው። እንግዲህ ዛሬ ብቻህን አይደለህም፣ እኛ እናገባሃለን።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ካነሳለት ታረቀ። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። በባለ መቆለፊያ ሻንጣ ውስጥ ያለ ድንጋይም ድንጋይ መሆኑን ነው የዘነጋሁት።

«ስፖርት ነው» ልል አፌን ከፈትኩ። ብልስ? ድንጋይ ተሸክሞ የወንድሙ ደጅ ደርሶ፣ ሽማግሌ እያዩት ቀልድ ነው አለ ሊባል ነው፤ ከተዝካሩ የባሰ ሌላ ውርደት። ብሄድስ? ጥጋቡ ድንጋዩን ባያነሳው በሦስት ምስክር ፊት ነገሩ ላንዴና ለመጨረሻ ተዘጋ ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተከተልኳቸው።

ጥጋቡ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ወንድሜ ሳላየው ሸብቷል። ተንበረከክሁ፤ ሻንጣው ከኋላ ገፍቶ በግንባሬ መሬት አስነካኝ። ቄሱ ተናገሩ፣ አያ ዋሴ ተናገሩ። ከዚያ በረባሶ ያደረጉ እግሮች ፊቴ መጥተው ቆሙ። ቆሙ ብቻ።

በመጨረሻ ሻንጣውን ያዘና ሳበ። አልወጣም። እንደገና ሳበው፤ እኔም አብሬው ተነሳሁ። ደረቴና ወገቤ ላይ እንደተቆለፈ ነዋ! ሽማግሌዎቹ ሊደበድበኝ የተነሳ መስሏቸው «ኧረ በሥላሴ» አሉ። የጥጋቡ እጅ ሲለቀኝ ተሰማኝ። ከሰባት ዓመት በኋላ ለወንድሜ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው፦

«ጋሼ፣ ደረቴ ላይ ያለችውን ጥቁሯን ይጫኗት።»

ጎንበስ ብሎ ተጫናት። የወገቤንም። ሻንጣው ወደቀ።

«ይቅር ለእግዜር» አለ።

እኔ ግን አላበቃሁም። ስለ አባታችን፣ ስለዚያ ንግግሬ፣ ስለቀረሁበት ቀን እያለቀስኩ ተናገርኩ። ሸክሙ የስፖርት ነበር፤ ልቅሶው አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በልተው መርቀው ከሄዱ በኋላ ሁለታችን ቀረን። ኅሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ።

«ጋሼ፣ ልዋሽዎት አልችልም። ድንጋዩን የተሸከምኩት ለዕርቅ አልነበረም። ውጭ አገር በእግር ልጓዝ ነው፤ ለመለማመጃ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «የሻረግ ለሚስቴ ገበያ ላይ ነግራታለች። እነሱ መች ተኳርፈው ያውቃሉ?»

«ሽማግሌዎቹስ ያውቃሉ?»

«እነሱ አያውቁም። የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

እሱ ወደ እኔ ሳያይ ቀጠለ።

«በየቅዳሜው ከዚህ ቆሜ ስትመለስ አይሃለሁ። እኔ ታላቅ ነኝ፣ ተበዳይም ነኝ፤ ድንጋይ ተሸክሜ እንድመጣ ደንቡ አይፈቅድልኝም። አንተ ተሸክመህ ደጄ ከደረስህ፣ ለምን እንደተሸከምኸው እኔን ምን ቸገረኝ?» አለና ሞሰቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «በል ብላ።»

በላሁ።