ስፖርት በውክልና

የዚያ መሥሪያ ቤት ታሪክ አንድ ቀን በወጉ ከተጻፈ፣ ሠራተኛውን ከወንበሩ ለማስነሣት የተጠራው ታላቅ ስብሰባ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደሚሰፍር አያጠራጥርም። ስብሰባው አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በነዚህ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከወንበሩ የተነሣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሽንት ይዞት ነው።

ሰውዬው የደብዳቤዎች ክፍል አራሚ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ በእሱ ጠረጴዛ ያልፋል። የተገደፈውን ፊደል ይሞላል፣ የተንጋደደውን ዓረፍተ ነገር ያቃናል፣ ከሁሉም በላይ ግን ነጠላ ሰረዝ ያስገባል። ሌላው ሰው ትንፋሽ የሚወስድበትንም የማይወስድበትንም ቦታ በነጠላ ሰረዝ ስለሚሞላው፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ነጠላ ሰረዝ» ይለው ነበር። እሱም ለምዶት ሲጠሩት አቤት ይላል።

ነጠላ ሰረዝ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይገባል፤ ማታ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይወጣል። ከሥራ የተረፈችውን ጊዜ አውቶቡስ ይበላታል። ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። አባቱም በዚሁ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ እንደሱው ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው ኖረው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከወንበር እነሣለሁ ሲሉ ወድቀው በዚያው ቀርተዋል። ሊመረመር የሄደባት ሐኪም ይህንን ስትሰማ የደም ግፊት መለኪያውን ከክንዱ ላይ ፈታች።

«በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ» አለችው። «ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

«ከየት አባቴ አምጥቼ?»

«ስንት ሰዓት ነው የሚሠሩት?»

«አሥራ አንድ። ደብዳቤ ሲበዛ አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ ጠዋት ቀደም ብለው ይነሡ።»

ሞከረ። አንድ ቀን ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣ፤ ጫማውን ለማሰር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ባለቤቱ ስትነቃ አንድ እግሩን አጫምቶ፣ ሁለተኛውን ጫማ እንደ ሕፃን ታቅፎ ተኝቶ አገኘችው። ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪውን በዓመት ሁለት ጊዜ እያሰፋችለት ትኖራለች፤ በዚያን ሰሞንም ሜትሯን ወገቡ ላይ አዙራ ጫፍና ጫፉ አልገናኝ ሲላት፣ መቆጣት ትታ አለቀሰች። ነጠላ ሰረዝ ቁጣዋን ለምዶታል። ለቅሶዋን ግን አያውቀውም ነበር። በማግሥቱ በቀን ግማሽ ሰዓት የመራመጃ ፈቃድ እንዲሰጠው ለክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻ ጻፈ።

ተራ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ «ይፈቀዳል» ወይም «አይፈቀድም» ተብሎ ነገሩ በአንድ ፊርማ ይበላሽ ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት ግን የአንድ ሰው ችግር የሁሉም ችግር መሆኑን የሚያውቅ ስለነበር ማመልከቻውን ወደ ጠቅላላ ጉባኤ አሳደገው።

«ጤናማ ሠራተኛ የጤናማ ተቋም መሠረት እንደመሆኑ መጠን» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ «የመቀመጥን አሉታዊ ተፅዕኖ በሰፊው ተቀምጠን የምንገመግምበት ወቅት ላይ እንገኛለን።» ተጨበጨበ። በሦስተኛው ሰዓት ላይ ውሳኔው ተነበበ፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ነገር ግን እንቅስቃሴው የሥራ ሰዓትን እንዳይነካ፣ የሠራተኛው ዕረፍትም መብት ስለሆነ እንዳይደፈር። ከሥራም ከዕረፍትም ውጭ የሆነች ሠላሳ ደቂቃ የምትገኝበትን ስፍራ የሚጠቁም ሰው ታጣ።

ከጭንቁ ያወጣቸው የዕቅድ ባለሙያዋ ናት። ብልህ ሴት ናት፤ ተናግራ የማታሳምነው ሰው የለም።

«ቤት በውክልና ይሸጣል» አለች። «ሰው ፍርድ ቤት በውክልና ይቆማል። ለመራመድ ውክልና የማይሰጥበት ምክንያት ምንድነው? እያንዳንዱ ክፍል አንድ ተወካይ ይምረጥና የሁሉንም ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ እሱ ይሥራ።»

የሕግ ክፍሉ የሚከለክል አንቀጽ ቢፈልግ አጣ። የደብዳቤዎች ክፍልም ማንን እንምረጥ ብሎ ዙሪያውን ሲቃኝ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ አገኘ።

ነጠላ ሰረዝ እጁን በመሐረብ እያደረቀ ወደ አዳራሹ ሲመለስ በጭብጨባ ተቀበሉት።

«ምን ተገኘ?» ብሎ አጠገቡ ያለችውን የክፍሉን ማኅተም መቺ ጠየቃት።

«አንተ» አለችው።

አሠራሩ ግልጽ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ግቢ፣ ከዋናው በር ተነሥቶ በመኪና ማቆሚያው፣ በጄኔሬተሩ ቤትና በውኃ ታንከሩ በኩል ዞሮ በር ላይ ለመመለስ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል። ለአንድ ሰው አምስት ዙር። በክፍሉ ከሱ ሌላ አሥራ ሦስት ሰው ስላለ በቀን ስልሳ አምስት ዙር፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ተኩል። ጥበቃው በር ላይ ወንበር ተሰጥቶት እያንዳንዱን ዙር በወካዩ ስም ይመዘግባል፤ ነጠላ ሰረዝ ማታ ማታ ከሥር «ተወካይ» በሚለው መስመር ላይ ይፈርማል። የእርማት ሥራውስ? እሱንም ማንም አልከለከለውም። ደብዳቤዎቹን ካርቶን ላይ ቆንጥጦ እየተራመደ ያርማል፤ የቀረውን ሰው ከወጣ በኋላ ተቀምጦ ይጨርሳል። በዚህ ዓይነት የአሥራ አንድ ሰዓት ሥራው ወደ አሥራ አራት አደገ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም «የሥራ ተነሣሽነት ጨመረ» ብለው ሪፖርት አደረጉ።

በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ አበጠ። በሁለተኛው ሳምንት የሌሎቹ ክፍሎች ተወካዮች ተራ በተራ የሐኪም ወረቀት እያመጡ ቀሩ። ነጠላ ሰረዝም ሊቀር አስቦ ነበር፤ ግን የባለቤቱ ለቅሶ ትዝ እያለው በማግሥቱ ይመለሳል። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጄኔሬተሩ ቤት ጋ ሲደርስ ትንፋሹ አለመቆራረጡን አስተዋለ። ቆም ብሎ አዳመጠው። የሌላ ሰው ትንፋሽ መሰለው።

ከጥበቃው ጋርም ወዳጅ ሆኑ።

«ይሄኛው ዙር የማን ነው ጋሼ?»

«የኃላፊው።»

«ታዲያ ደረትዎን ነፋ ያድርጉ እንጂ! ኃላፊ እንዲህ ተጎትቶ አይሄድም።»

ወካዮቹም ለጤናቸው መጨነቅ ጀመሩ። መዝገብ ያዡ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዛሬ ምሳ አብዝቻለሁ፣ ሁለት ዙር ጨምርልኝ!» ብሎ ይጮኻል። ማኅተም መቺዋ ደግሞ አንድ ቀን እያነከሰች ወደ በሩ መጣች።

«ትናንት በሩጫ ነው እንዴ የሠራህልኝ?»

«ዝናብ መጥቶብኝ ፈጠን ብዬ ነበር።»

«በል ሁለተኛ እንዳትለምድ። ጉልበቴን ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው።»

ነጠላ ሰረዝ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ወዲህ የሷን አምስት ዙር ዝግ እያለ ይሄድላታል፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ የተለወጡት የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ኃላፊው ሰፊ ሰው ናቸው፤ ሊፍት ሲገቡ ሌላው ሰው ወጥቶ ይጠብቃል። በመጀመሪያ «ነጠላ ሰረዝ ይሠራልኛል» ይሉ ነበር። ወር ሲሞላ «እየሠራን ነው» ማለት ጀመሩ። በስምንተኛው ወር ላይ ስልክ ሲያወሩ «እኔማ ግማሽ ሰዓቴን ሳልሄድ ውዬ አላውቅም» ሲሉ ተሰሙ፤ እያሾፉም አልነበረም። ኋላ የስፖርት ጫማ ገዝተው ጠረጴዛቸው ሥር አስቀመጡ፤ ጫማው እስከዛሬ አዲስ ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ አርባኛውን ዙር እንደጨረሰ፣ ነጠላ ሰረዝ በር ላይ ደረሰና ቆመ። ያን ዕለት ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶታል። አባቱ ያልደረሱበት ዕድሜ ነው። ጥበቃው ብዕሩን አነሣ።

«የማን ልበል?»

«ቆይ፣ አንዲት ዙር ልሂድ። በማንም ስም እንዳትጽፋት።»

ጥበቃው ግራ ገብቶት ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰካ። ነጠላ ሰረዝ ካርቶኑን በሩ ላይ ትቶ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በጄኔሬተሩ ቤትና በውኃ ታንከሩ በኩል ዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አቧራው ነው» አለ። ጥበቃውም «አዎ፣ ዛሬ አቧራው በርትቷል» አለው።

በዚያው ሳምንት ሐኪሟ መለኪያውን ሁለት ጊዜ አሰረችለት፤ መጀመሪያ የተበላሸ መስሏት ነው።

«ምን አድርገው ነው?»

«ሰው እየወከልኩ።»

«ምንም ይሁን ምን እንዳያቆሙት» አለችው። ባለቤቱም የሱሪውን ወገብ ለሦስተኛ ጊዜ እያጠበበች፣ ቤቱን በሙሉ በስፌት መኪናዋ ድምፅና በዘፈኗ ሞላችው።

ዓመቱ አለቀና የሽልማት ቀን ደረሰ። የደብዳቤዎች ክፍል በአካል ብቃት አንደኛ ወጣ፤ አሥራ ሦስት ሠራተኞቹ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃቸውን ጨርሰዋል። አሥራ ሦስቱም ሜዳልያ ተንጠለጠለላቸው። የሁለቱ አንገት በውፍረት ጠፍቶ ስለነበር ማንጠልጠያው ፊታቸው ላይ ቆመ። ዋንጫውን ለመቀበል ኃላፊው ወደ መድረኩ ሦስት ደረጃ መውጣት ነበረባቸው፤ ሁለተኛው ላይ ቆመው ስለ ጽናት አጭር ንግግር አደረጉ፤ ትንፋሻቸው ሲመለስ ሦስተኛውን ወጡ።

ነጠላ ሰረዝ ስሙ እስኪጠራ ከኋላ ቆሞ ጠበቀ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ መጥታ በፖስታ የታሸገ ደብዳቤ ሰጠችው። የምስጋና ይሆናል ብሎ ፈገግ እያለ ከፈተው።

«በዓመቱ ውስጥ አንዲት ደቂቃ እንኳ የአካል እንቅስቃሴ በስምዎ ያልተመዘገበ ብቸኛ ሠራተኛ መሆንዎ በመረጋገጡ» ይላል ደብዳቤው፣ «ለራሱ ያልተንቀሳቀሰ ሌላውን ሊወክል ስለማይችል ውክልናዎ ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል። ስለ እንቅስቃሴ ጥቅም የሚሰጠውን የስድስት ወር ሥልጠና ዘወትር ከሥራ ሰዓት በኋላ ተቀምጠው እንዲከታተሉ፣ ይህንን እስኪያጠናቅቁ ድረስም በግቢው ውስጥ ሲዘዋወሩ እንዳይገኙ በጥብቅ እናሳስባለን።»

«እኔ እኮ ነኝ የሄድኩት!» አላት።

«ለማን?»

«ለነሱ!»

«እነሱማ ሄደዋል» አለች መዝገቧን ገልጣ እያሳየችው። «አሥራ ሦስቱም አሉ። እርስዎ የት ነበሩ?»

«አብሬያቸው... ማለቴ በነሱ ቦታ...»

«በሰው ቦታ ሲሄዱ ከዋሉ የራስዎን ቦታ ማን ይሂድልዎት?» አለችው፤ ከልቧ አዝናለት ነበር። «አሥራ አምስት ዓመት ሳውቅዎት እንዲህ ቸልተኛ አልነበሩም።»

ነጠላ ሰረዝ ጥበቃውን ለምስክርነት ሊጠራው አሰበ፤ ግን መዝገቡን የጻፈው ጥበቃው ራሱ ነው። ሐኪሟን አሰበ። ለባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚነግራት አሰበ። እግሮቹ ብቻ ምንም አልተነገራቸውም፤ ቆሞ እያለ እንኳ ዙር ለመጀመር ይቁነጠነጣሉ።

በዚህ መሐል ኃላፊው ዋንጫውን ታቅፈው ከመድረኩ ጠርዝ ላይ ሆነው በእጃቸው ጠሩት። ቀረበ። ክንዱን ያዙና ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት፤ በእሱ ላይ ተደግፈው ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ። ታች ሲደርሱ ላባቸው በሜዳልያው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ደብዳቤውን እጁ ላይ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሲተነፍሱ። «አላምን ብዬ... መዝገቡን ራሴ ነው ያየሁት። ምን ነካህ?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ እንኳ...»

«ጊዜ አጣሁ እንዳትለኝ ብቻ!» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የአባት ርኅራኄ ነበረ። ትከሻውን ይዘው ትንሽ አረፉና ቀጠሉ። «ሰው ቆርጦ ከተነሣ ጊዜ አያጣም። እኔን እየኝ። ይሄ ሁሉ ሥራ እያለብኝ አንድ ቀን አላጓደልኩም። በል አሁን ወንበር ሳብልኝ።»